ስኳር የተነፈጉት

ተመራማሪዋ ዓይኗን አሸት አሸት አድርጋ እንደገና ማይክሮስኮፑ ላይ አጎነበሰች። ወራት ሙሉ ንቅንቅ አንልም ብለው ያደከሟት ባክቴሪያዎች እንደ ጉድ ይዋኙ ነበር።

«ጋሼ፣ እስቲ ይዩልኝ» አለች።

ጥናቷ እንዲዘጋ የወሰኑት ሽማግሌው ፕሮፌሰር ጎንበስ አሉ፤ ቶሎም ቀና አላሉም።

«ምን አደረግሻቸው?»

«ምንም። ትናንት ደክሞኝ፣ ምግባቸው ውስጥ ስኳር ሳልጨምር ሄድኩ።»

«ለካ ጥጋብ ነው ያስተኛቸው። የሚዋኙበትን ጭራ የሚያበቅለው ጂን የሚነቃው ሲርባቸው ነው ማለት ነው» አሉ ፕሮፌሰሩ። «በይ፣ ጥናቱ አይዘጋም። ከመጀመሪያው ጀምረሽ ትደግሚዋለሽ።»

«አይዘጋም» የሚለውን ቃል ለመስማት ስትጸልይ ነበር የከረመችው። አሁን ግን ጆሮዋ ውስጥ የቀረው «ከመጀመሪያው» የሚለው ብቻ ሆነ። «እሺ» ብላ ግንባሯን እዚያው ጠረጴዛው ላይ አሳረፈች። ሽማግሌው ጥቂት ቆመው አዩዋትና የመስኮቱን መጋረጃ ጋረዱላት።