የእማሆይ ልጅ

ዘመናይ ባሏ ከተገደለ ወዲህ አላለቀሰችም። በለቅሶው ዕለት ሴቶቹ ደረታቸውን ሲደቁ እሷ ብድግ ብላ ለእንግዳ ውሃ ስትቀዳ ታየች። አገር ጉድ አለ። ምን ታድርግ፣ እንባው አልመጣ አላት፤ ውስጧ ደንዝዟል።

አሁን ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ውስጥ እናቷን ታስታምማለች። እናቷ ቀዶ ጥገና ተደርጎላት አብዛኛውን ጊዜ ትተኛለች። ዘመናይም አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ ብላ ግድግዳውን ታያለች።

የፊታችን እሑድ አገሯ አምበር ላይ ሽማግሌ ይቀመጣል። ባሏን መሳፍንትን በእርሻ ድንበር ተጣልቶ የገደለው አበረ ታስሯል። የአበረ ዘመዶች ግን ደም ይድረቅ ብለው ዕርቅ ይለምናሉ። የመሳፍንት ታናሽ ወንድም ምናለ ደግሞ ጠመንጃውን ወልውሎ ተቀምጧል።

«አንቺ እሺ ካልሽ እኔም እሺ» ብሏታል። «እምቢ ካልሽ ግን የአበረን ወንድም አልምረውም።»

ይኸውላችሁ፣ የሰው ነፍስ አምጥቶ አፏ ላይ ጣለባት። እሷ እንኳን ለሰው ነፍስ፣ ለራሷም ምሳ «እበላለሁ፣ አልበላም» ማለት ሰልችቷታል።

ከጎን ባለው አልጋ ላይ አንዲት አሮጊት መነኩሲት ተኝተዋል። እማሆይ ወለተ ሐዋርያት ይባላሉ፤ የዲማ ሰው ናቸው። እግራቸውን ስኳር በሽታ አቁስሎታል። የሚያስታምማቸው ድረስ የሚባል ትከሻው የሰፋ ጎልማሳ ነው።

ምን ዓይነት ልጅ ነው በእግዜር! ጠዋት ጠዋት ለብ ያለ ውሃ በሳፋ ይዞ ይመጣል፤ ይንበረከካል፤ ያንን እግር ያጥባል። ሽታው የጎን በሽተኛውን ሁሉ ፊት ሲያስዞር እሱ አንድም ቀን ፊቱን አላጨማደደም። አጥቦ ሲያበቃ በጋቢው ጫፍ ያደርቅላቸዋል።

እናቱን አንቱ ነው የሚለው። «ይቅመሱ እንጂ እማዬ» እያለ ይለምናቸዋል፤ እሳቸው ሳይጎርሱ እሱ አይጎርስም። ነርሷ «የእማሆይ ልጅ!» ብላ ስትጣራ ለአፍታ ቆም ይልና ነው «አቤት» የሚለው። አቤት አስተዳደግ፣ አለች ዘመናይ በሆዷ።

«ታድለዋል እማሆይ» አለቻቸው አንድ ቀን። «የዛሬ ልጅ እንኳን እግር ሊያጥብ፣ ደውሎም አይጠይቅ።»

«እግዜር የካሰኝ ነው» አሉ እማሆይ። «ጡቴ ከደረቀ በኋላ፣ በስተርጅናዬ ነው ያጠባሁት።»

«እንደ ሣራ በሉኛ!»

እማሆይ ፈገግ አሉ። ዘመናይም የመጨረሻ ልጅ ነው ለካ፣ ብላ ተወችው።

ዓርብ ዕለት ቄስ ታዲዮስ መስቀላቸውን ይዘው መጡ። የአበረ ዘመዶች ለዕርቁ የላኳቸው እሳቸው ናቸው። ዘመናይ ኮሪደሩ ላይ አየቻቸው። እሳቸው ግን ወደ እሷ ከመምጣታቸው በፊት ድረስን አቅፈው ሳሙት። ብዙ አንሾካሾኩ። ሁለቱም ደጋግመው ወደ እሷ አዩ።

ከዚያ ቄሱ መጥተው እናቷን በመስቀል ዳበሱና እሷን «የእሑዱን አደራ» ብለዋት ብቻ ሄዱ።

አሃ! ነገሩ ገባት። የአበረ ወገኖች ሰው አስቀምጠውባታል። መነኩሲቷም፣ ልጁም፣ ያ ሁሉ እጥበትም የእነሱ ሥራ ነው። ሌላ ጊዜ ቢሆን ትናደድ ነበር፤ አሁን ግን ንዴቱም አልመጣም። ጀርባዋን ሰጥታቸው ዋለች።

በማግስቱ ጠዋት ድረስ ሳፋውን ይዞ ተንበርክኮ ሳለ እማሆይ ጠሯት።

«ልጄዋ፣ እሑድን ፈራሽው?»

«ማን ነገረዎት?»

«ቄስ ታዲዮስ። እኔንም ያስታረቁ እሳቸው ናቸው።»

«እርስዎ የአበረ ምኑ ነዎት?»

«ምኑም አይደለሁ። መልኩንም አላውቀው።»

«ልጅዎስ? ከቄሱ ጋር ምን ያንሾካሹካል?»

ድረስ አንገቱን እንደደፋ ነው። እማሆይ ስለ እሱ የተጠየቁትን አለፉት።

«ጌታ ያን ማታ የደቀ መዛሙርቱን እግር ሲያጥብ ይሁዳም እዚያው ተቀምጦ ነበር» አሉ። «አሳልፎ እንደሚሰጠው እያወቀ የእሱንም እግር አጠበ። አንቺን እግር እጠቢ አላልሁሽም። አፍሽ እሺ እንዲል ብቻ ነው የምለምንሽ።»

«እሱንማ በየዓመቱ ጸሎተ ሐሙስ እሰማዋለሁ!» አለች ዘመናይ። ድምጿ ከፍ ብሎ ራሷንም አስደነገጣት፤ እናቷ ከእንቅልፏ ባነነች። «ቄሱ እግር ያጥባሉ፣ ሰውም አሜን ብሎ ወደ ቤቱ ይገባል። የሞተበት ግን ባዶ ቤት ነው የሚገባው! እርስዎ ምን አለብዎት? ልጅዎ ይኸው በሕይወት እግርዎ ሥር ተንበርክኮልዎታል። እስቲ ይንገሩኝ፤ አንዱ ተነሥቶ ልጅዎን ቢገድልብዎ ይምሩታል?»

የድረስ እጅ ውሃው ውስጥ ቀጥ አለ። እማሆይ መዳፋቸውን አናቱ ላይ አሳረፉ።

«አንድ ነበር የወለድሁት» አሉ። «እሱን የገደለብኝ ይኸው ድረስ ነው፣ ልጄዋ።»