የእርቅ ጉርሻ

«ብረት ካነሰህ ጤፍ ብላ!» አለኝ የወርክሾፑ ባለቤት። የበር እጀታ እንዳይዝግ ኒኬል የሚባል ማዕድን የሟሟበት ውሃ ገንዳ ውስጥ እየነከርኩ የምለብጠው በባዶ እጄ ነው። ሐኪሙ፣ «ኒኬሉ ሰውነትህ ገብቶ የብረትና የዚንክ መጠንህን አዛብቶታል» ብሎኛል። ጓንት ስለምነው፣ «ጓንት ከገበያ ጠፍቷል፤ ደግሞስ ይሄ ውሃ ማንን ገደለ?» አለኝ። አነቅኩት።

የእድር ሽማግሌዎች ገብተው አስታረቁን። እዚያው ወርክሾፑ ውስጥ ምሳ ቀርቦ፣ «በሉ ተጎራረሱ!» አሉን። መጀመሪያ እሱ አጎረሰኝ። ተራዬ ሲደርስ እጄን ገንዳው ውስጥ ነክሬ፣ በሚንጠባጠብ ጣቴ ጠቀለልኩለት።

«አፍህን ክፈታ! ማንን ገደለ?»

ወደ ኋላ ሸሸ። ሽማግሌዎቹ እጄን የታጠብኩ መስሏቸው፣ «የእርቅ ጉርሻ አይመለስም!» ብለው ተቆጡት።

ይሄኔ የተቆለፈ መሳቢያውን ከፍቶ አዲስ ጓንት ወረወረልኝ።