የሸምበቆው ጭነት

ዙበይዳ ከሚሴ በሚገኘው ቤታቸው በረንዳ ላይ ተቀምጣ፣ ለነገ የባዮሎጂ ትምህርት የምታሳየውን የነርቭ ሴል ከጨፋ ረግረግ በመጣ ሸምበቆ ትሠራ ነበር። ቀጫጭኑን ሸምበቆ ጎን ለጎን ደርድራ በቀይ ክር አሰረችው። አባቷ አጠገቧ ሆነው እጇን በዓይናቸው ይከተሉ ነበር። ዕድሜያቸውን ሙሉ ከባቲ በግመል ጭነት ሲያመላልሱ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ዘንድሮ ግን ልጃቸውን እንኳ መለየት አቅቷቸዋል።

«ኧረ ይኼ ምንድን ነው፣ አንቺ ልጅ?» አሏት።

«በነርቫችን ውስጥ ጭነት የሚያልፍበት መንገድ ነው፣ አባየ። ክሩ ደግሞ ታው የሚባለው ፕሮቲን ነው፤ መንገዱን አጥብቆ የሚይዘው እሱ ነው። እሱ ከላላ መንገዱ ይፈርሳል፣ ጭነቱም ከታሰበበት አይደርስም።» የማንን መንገድ እያወራች እንደሆነ ሲገባት እስሩ ከእጇ አመለጠና ሸምበቆው ወለሉ ላይ ተበተነ።

አባቷ ጎንበስ ብለው አንድ በአንድ ለቀሙት። ክሩን ሁለቴ አዙረው፣ ጫፉን በጥርሳቸው ይዘው፣ የግመል ጭነት በሚታሰርበት አስተሳሰር ቋጠሩት። ጣቶቻቸው አንዴም አልተሳሳቱም።

«አብሽሪ፣ አሁን አይፈታም» ብለው እቅፏ ውስጥ አኖሩላት። «ከሚሴ ስትደርሺ ለልጄ ለዙበይዳ ስጭልኝ። ከባቲ ስመለስ ባዶ እጄን ገብቼባት አላውቅም።»

ዙበይዳ እስሩን ደረቷ ላይ አጥብቃ ያዘችው።

«ደርሷል፣ አባየ» አለች።