ኋላ ቀኙን ቀነስ

«ልጄን በስህተት ሰጠሁህ፤ ጋራዡን ግን በስህተት አልሰጥም!» አሉ አማትየው እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው።

«አባባ፣ አራቱም ስፒከሮች ዛሬ እኩል ካልሠሩ የጋራዡን ቁልፍ ዳግመኛ አልጠይቅዎትም።»

«አራት ሽቦ ያገናኘ ሁሉ ባለሙያ ነኝ ይላል!»

የልጃቸው ባል ከመኪናው ኋላ፣ ክፍቱ ዕቃ መጫኛ ጠርዝ ላይ ተቀምጦ የአምፕሊፋየሩን ቻናሎች አንድ በአንድ በካቻቪቴ ያስተካክላል። ከመኪናው ውስጥ እያዳመጠ የሚመራው የሚስቱ ድምፅ ነው።

«ኋላ ቀኙን ቀነስ» አለችው። ቀነሰ። «ፊት ግራውን ጨመር። በቃ፣ እንደሱ!»

አራቱም ስፒከሮች ባንድ አፍ ዘፈኑ። አማትየው ፊታቸውን አጨማደው ቁልፉን ለውሻ አጥንት እንደሚጥል ሰው ወረወሩለት።

«የሰው ጆሮ ተውሰህ ነው እንጂ አንተማ የት ታውቅና!»

«የማን ጆሮ ነው ታዲያ? የልጅዎ አይደል?»

በዚህ መሀል ሚስቱ ፊውዝ ይዛ ከውጭ በጋራዡ በር ገባች።

«ሱቁ ዝግ ሆኖ ሌላ ሰፈር ድረስ ሄድኩ። አስጠበቅኋችሁ አይደል?»

«ይኸው፣ ሁለተኛዋ ብልህ መጣች!» አሉ አባቷ።

የመኪናው የኋላ በር ተከፍቶ ተዘጋ። ሰው እንደወረደለት ሁሉ መኪናው ከኋላው ትንሽ ከፍ አለ። የወረደ ሰው ግን አልታየም።