ራኬብ እንዳትሰማ

ራኬብ ሳታንኳኳ ወደ ዶክተሩ ክፍል ተመልሳ ገባች። ውሃ ገዝተሽ ነይ ብለው ነበር ያስወጧት። ግን በሩ ገርበብ ብሎ ስለነበር ደረጃው ጋ ሳትደርስ የአጎቷ የጋሽ መርሻ ድምፅ ከኋላዋ ያዛት። «ለእሷ ባይነገራት ይሻላል፣ ዶክተር። ልጅ ናት፣ ትደነግጣለች። እኔ እፈርማለሁ» ነበር ያለው።

ልጅ። በጥር አሥራ ስምንት ዓመት ሞልቷታል።

ጋሽ መርሻ እስክሪብቶ ይዞ ፎርሙ ላይ አጎንብሷል። እናቷ ለተመድህን የነጠላዋን ጫፍ ታፍተለትላለች። ቀና ብሎ ያያት ዶክተር ገብረተንሳኤ ብቻ ነው።

«ውሃውስ ጓለይ፣ ልጄ?» አለች እናቷ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ።

«ውሃውን ተዪው ኣደይ። ምንድን ነው እኔ የማልሰማው?»

ጋሽ መርሻ ጉሮሮውን ጠረገና ነገሩን አቀለለው። ለሕክምና ሕንድ ይሄዳሉ። የእህቷ የወይኒ መቅኔ እንደሚስማማ በምርመራ ታውቋል፤ ከእሷ ትንሽ ስቴም ሴል የሚሉት ደም የሚሠራ ሴል ይወሰድና ልክ እንደ ደም በራኬብ ክንድ ይገባል። በሁለት ሳምንት ተመልሳ ትምህርቷን ትቀጥላለች። ከሰፈራቸው ከሓድነት ዓይደር ሆስፒታል በባጃጅ ደርሶ መምጣት አስመሰለው።

ራኬብ ጆሮዋ ድረስ ጋለች። ሰባት ወር ሙሉ «ደም ማነስ ነው» እየተባለች ቀይ ሥር በልታለች። ቀይ ሥር ተቀቅሎ፣ ቀይ ሥር ተጨምቆ፣ ቀይ ሥር በማር። ሽንቷ ሳይቀር ቀላ፣ እሷ ግን እንደ ነጣች ናት። ደም በተሰጣት ቁጥር «ይሄ የመጨረሻው ነው» ይሏታል፤ እስካሁን ስምንት የመጨረሻ ቆጥራለች።

ጠጋ አለችና እስክሪብቶውን ከጋሽ መርሻ ጣቶች መሃል መዘዘችው። በቤታቸው እንዲህ ያደረገ ልጅ ኖሮ አያውቅም።

«አባትሽ ቢኖር እንዲህ ትደፍሪኝ ነበር?»

«አባዬ ቢኖርም የምወጋው እኔ ነኝ፣ ጋሼ።»

ዶክተሩ ቀስ ብሎ፣ መፈረም ያለባት እሷው ናት አለ። ያን ጊዜ ንዴቷ ወደ እሱ ዞረ። ይህን ካወቀ ለምን እሷ ውሃ ፍለጋ ስትላክ ዝም አለ? ነጭ ጋውን ለብሶ እንደ ሽማግሌ ከቤተሰብ ጋር ይዶልታል እንዴ? ይህን ሁሉ ልትለው አስባ ይህን ብቻ አለችው።

«ለእነሱ የነገሯቸውን ለእኔም ይንገሩኝ። ሳይቀንሱ።»

ነገራት። መቅኔዋ ደም መሥራት አቁሟል፤ ምግብ አይመልሰውም። የወይኒ ስቴም ሴል ከመግባቱ በፊት የቀረው የራሷ መቅኔ በኃይለኛ መድኃኒት ይጠፋል። በዚያ ጊዜ ተራ ጉንፋን እንኳን ሊገድላት ስለሚችል ለሳምንታት ብቻዋን ክፍል ውስጥ ትቆያለች። ሁለት ሳምንት የሚባል ነገር የለም፤ ወራት ነው። የገባው ሴል ሰውነቷን እንደ ባዕድ ቆጥሮ ሊያጠቃት ይችላል። ብዙዎች ይድናሉ፣ ከዚያ ያልተመለሱም አሉ። እንዲህ ደም እየተቀበሉ መኖርም አያዛልቅም።

እዚህ ላይ ቆመና እናቷን አያት።

«እሷን አይዩአት» አለች ራኬብ። «ይቀጥሉ።»

«ልጅ ላትወልጂ ትችያለሽ። መድኃኒቱ ከመጀመሩ በፊት ሊደረግ የሚችል ነገር ካለ እዚያ ያሉትን ሐኪሞች ጠይቂ። አንዴ ከተጀመረ ግን መጠየቁ አይጠቅምሽም።»

ለተመድህን ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለች።

«አታልቅሺ ኣደይ» አለች ራኬብ። «ማልቀስ ካለ መጀመሪያ እኔ ነኝ። ተራዬን አትውሰጂብኝ።»

እሷ ግን አላለቀሰችም። ስለ ልጅ አስባ አታውቅም፤ የጎረቤት ሕፃን ሲያስታቅፏት እንኳን እንደ ትኩስ ድስት ነው የምትይዘው። ቢሆንም፣ ገና ያላሰበችበትም ነገር ቢሆን የራሷ ነበር። በሌለችበት ሊፈርሙበት ነበር።

ፎርሙን አጥፋ ደረቷ ላይ ያዘችው። ዛሬ አልፈርምም አለች። ጥያቄዎቿን ሁሉ ጽፋ ሐሙስ ትመጣለች፤ ማንም አብሯት ቢመጣ ዝም ብሎ ይቀመጣል። ራኬብ በሕይወቷ እንዲህ ረጅም ሆና አታውቅም።

«ሌላም ነገር አለ» አለ ዶክተሩ። «የምትሰጥሽ እህትሽ ታውቃለች? በማደንዘዣ አስተኝተው ከዳሌ አጥንቷ ነው በመርፌ የሚወስዱት። ለጥቂት ቀናት ያማታል። ገና አሥራ አራት ዓመቷ ነው፤ እምቢ ማለትም ትችላለች። የነገራት ሰው አለ?»

እናቷ ጋሽ መርሻን አየች። ጋሽ መርሻ ግድግዳውን አየ።

ራኬብ መልስ መስጠት ነበረባት። ወይኒ ጠዋት ባጃጁ ውስጥ የጠየቀችው እነሱን አልነበረም። ወደ ጆሮዋ ተጠግታ «ምን ሊያደርጉኝ ነው?» ያለችው እሷን ነው። እሷም ፈገግ ብላ «ምንም፣ ትንሽ ደም ነው የሚቀዱሽ፣ እንደ ክትባት በዪው» ብላታለች። ምን እንደሚወስዱባት በትክክል ባታውቅም ደም ብቻ እንዳልሆነ ጠርጥራ፣ እምቢ ብትለኝስ ብላ ፈርታ ነው። ስትዋሻት ድምፅዋ ትንሽ እንኳን አልተንቀጠቀጠም።

እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ወጣች።

ወይኒ ኮሪደሩ ጫፍ፣ አግዳሚ ወንበር ላይ ብቻዋን ተቀምጣለች። የሹራቧን እጅጌ እስከ ትከሻዋ ጠቅልላ፣ ክንዷን ጭኗ ላይ ዘርግታ ትጠብቃለች።