የሕያዋንና የሙታን ሰንጠረዥ

በመሃል ከተማ አንድ እድር አለ፤ ጥሩምባ ነፊውን ካሰናበተ ቆይቷል። የእሱን ሥራ አሁን ኮምፒውተር ይሠራል፤ ኮምፒውተሩን ደግሞ ኢየሩስ ታሠራዋለች።

ሁለት ሰንጠረዦች አሏት፤ አንዱ የሕያዋን፣ አንዱ የሙታን። አባል ሲሞት ረድፉን ከሕያዋኑ ወደ ሙታኑ ትገለብጣለች፤ ቀጥላ ከሕያዋኑ ታጠፋዋለች። ልክ ስታጠፋው ማን እንደሞተና ድንኳኑ የት እንደሚተከል ለአባላቱ ሁሉ በስልክ ይደርሳል። በመገልበጥና በማጥፋት መካከል ግን ሟቹ ለአፍታ ሁለቱም ጋ ይገኛል። ኢየሩስ ያቺን አፍታ ትፈራታለች። ረድፎቹ የሚይዙት የአባል ቁጥር ብቻ ስለሆነ ስሙን ከሌላ ሰንጠረዥ ፈልጋ፣ ድምፅ አውጥታ «ነፍስ ይማር» ሳትል አትነካቸውም።

ሐሙስ ጠዋት ቢሮ ስትገባ ወሬው ድንገት ቆመ። ኤልናታን በእሷ ወንበር ተቀምጧል። ሥራውን አሳዪኝ እያለ ሲለማመጣት የከረመ ልጅ ነው።

«ተነሣ እንጂ» አለችው።

«ዛሬ እኔ ልሥራው። አንቺ እረፊ።» ዐይኗን ሸሸ።

ሊቀመንበሩ አቶ ኃይለጊዮርጊስ በሩ ላይ ቆመዋል። «ልጄ፣ ወደ ቤት ሂጂ። ነገም አትምጪ።»

«ምን አጠፋሁ ጋሼ?»

«ምንም።»

እንዲህ ያለው «ምንም» ምን ማለት እንደሆነ ከሥራ የተባረረ ሰው ያውቃል።

ከቢሮው ሥር ካለው ሻይ ቤት ገባች። ሙንተሃ፣ ያቺ ዱቤ የማታውቀው ሙንተሃ፣ ሒሳብ አልቀበልም አለቻት። ኢየሩስን ከውስጥ አቃጠላት፤ ለካ ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል! ብሶቷን ልትነግረው ለታናሽ ወንድሟ ለእስራኤል ደወለች። መንጃ ፈቃዱን ያወጣችለት፣ እድሩም ውስጥ ያስገባችው በዚህችው ደመወዝ ነው። ስልኩ አይሠራም። ጭኖ ወደ ሞያሌ ከወረደ ለቀናት እንደማይገኝ ታውቃለች።

ዕቃዋን ልትወስድ ተመለሰች። ቢሮው ባዶ ነው። ጣሪያው ላይ ያረፉት የአባ ኮዳ አሞራዎች ጥፍር ቆርቆሮውን ይቧጭራል። ኮምፒውተሩ እንደተከፈተ ነው።

አንድ ቁጥር በሁለቱም ሰንጠረዦች ላይ ቆሟል። ኤልናታን ገልብጦ ሳያጠፋ ሄዷል። ከጠዋት ጀምሮ አንድ ሰው በሕያዋንና በሙታን መሐል ተንጠልጥሏል።  ቁጥሩን የሆነ ቦታ የምታውቀው መሰላት።

ንዴቷ ግን ቀደመ። «በእኔ ቦታ ያስቀመጡት ይህን ነው! ሥራ የሚያውቀው ማን እንደሆነ ይዩ» አለች። ለመጀመሪያ ጊዜ ስም ሳትፈልግ፣ ነፍስ ይማርም ሳትል አጠፋችው።

ሻይ ቤቱ ውስጥ የሙንተሃ ስልክ ጮኸ። ከጎን ያለው ሱቅም እንዲሁ። ኤልናታን «ኢየሩስ፣ እንዳትነኪው!» እያለ ደረጃውን እየሮጠ ሲወጣ ተሰማት። ቦርሳዋ ውስጥ የራሷ ስልክ ነዘረ። አውጥታ አነበበችው።

«አባላችን እስራኤል ማርቆስ አርፏል። ድንኳኑ በእህቱ በኢየሩስ ቤት ይተከላል።»