አንዲት ነጥብ እንዳትተርፍ

ልብስ ሰፊዋ ባሏን ለመበቀል የመረጠችው ቀን ማክሰኞ ነው። ማክሰኞ ባሏ ይበራል።

ሰፈርተኛው ባሏን «አብራሪው» ይለዋል። አብራሪ እንኳ አይደለም፤ የፋብሪካ ማሽን ጠጋኝ ነው። በየወሩ ዐሥር ቀን፣ ውጭ አገር ያሉትን ቅርንጫፎች እየዞረ ይጠግናል። ስሙ የወጣለት አንድ ክረምት ላይ ነው። ጉም አየር ማረፊያውን ሁለት ቀን ሙሉ ዘግቶት ሳለ፣ እሱ ባለው ሰዓት ሻንጣውን እየጎተተ ከች አለ። «ይሄ ሰውዬ አውሮፕላኑን ራሱ ሳያበርረው አልቀረም!» ብለው ሳቁ፤ ስሙም በዚያው ጸና።

አብራሪው የሚመካበት ነገር ቢኖር ነጥቡ ነው። በበረረ ቁጥር ማይል፣ ባደረ ቁጥር የሆቴል ነጥብ፣ ሁሉም በአንድ ካርድ ይጠራቀምለታል፤ ሲበዛ ነፃ ትኬትና ነፃ ሆቴል ያስገኛል። ወርቅማውን ካርድ እንግዳ በመጣ ቁጥር ከኪስ ቦርሳው መዘዝ ያደርጋል። በሠርጋቸው ሰሞን፣ ሁለቱም ለመጀመሪያ ጊዜ አውሮፕላን ሲሳፈሩ የተሰጠው ነው። ከከተማዋ የሚነሣው አየር መንገድ ያው አንድ ስለሆነ፣ ዐሥራ አራት ዓመት ሙሉ ሌላ ካርድ አላስፈለገውም።

ወሬውማ አፍ ያስከፍታል። ተዘርግቶ አልጋ የሚሆን ወንበር፣ ውሃ ላይ የተሠራ ቪላ፣ በር ላይ ቆሞ በስም የሚጠራ አስተናጋጅ! መታጠቢያ ቤታቸው እሱ ባመጣቸው ትንንሽ ሳሙናዎች ተሞልቷል። አገሩ ቢለያይም ሳሙናው አንድ ዓይነት ነው።

«ነጥቤ እንዳይበተን አንድ ሆቴል ነው የምይዘው» ይላል።

ሆቴሉስ ባለሙያ አለው። አንድ ጊዜ የሸሚዙ ቁልፍ ተበጥሶ ሄዶ፣ ተተክሎ መጣ። ልብስ ሰፊ ናትና አገላብጣ አየችው። ክሩ በመስቀለኛ የተያዘ፣ የእሷ እጅ ያልነካው፣ ጥንቅቅ ያለ ሥራ ነው። ትንሽ ቀናች፤ ሙያውን ግን አልካደችም።

ቂሟ ግን ሌላ ነው። እናቷ የሞቱት ሩቅ አገር ነው፤ ቀብሩ በማግሥቱ። «በነጥብህ ትኬት ቁረጥልኝ» ብላ እግሩ ላይ ወደቀች።

«ነጥብ ለእንዲህ ያለ ነገር አይነካም» አላት። «ይጠራቀም። አንድ ቀን ባሕር አሳይሻለሁ።»

በአውቶቡስ ሁለት ቀን ተጉዛ ስትደርስ የመቃብሩ አፈር ደርቆ ጠበቃት። እናትን ሳይቀብሩ መቅረት አንጀት ያሳርራል፤ የደረሰበት ያውቀዋል። እሷም እህህ ብላ ዋጠችው።

ባለፈው ወር ግን በረንዳው ላይ ስልክ ሲያወራ ሰማችው።

«አይዟችሁ፣ ትምህርት ሲዘጋ ባሕሩን አሳያችኋለሁ። ቃሌ ነው።»

«እነማን ናቸው?» አለችው።

«የወንድሜ ልጆች ናቸው ባክሽ» አለ፣ ስልኩን ቶሎ ዘግቶ።

የራሳቸው ልጅ የላቸውም። ለእናቷ ቀብር ያልተነካ ነጥብ ለወንድሙ ልጆች ሊነካ! ደሟ ፈላ። «ቆይ ብቻ፣ ሠራሁልህ!» አለች በልቧ።

ትኬት ቢሮ ደውላ ጠየቀች። ካርዱንና የጋብቻ ምስክር ወረቀቷን ይዛ የቀረበች ሚስት፣ በባሏ ነጥብ ለራሷ ትኬት ማስቆረጥ ትችላለች አሏት። ማክሰኞ ጠዋት እሱ ገላውን ሲታጠብ ካርዱን ከቦርሳው አወጣች። ከዚያ ምንም እንዳልተፈጠረ ሸሚዙን ተኮሰች፤ የሥራ ሱሪውን ጉልበት ጣፈችለት። ሁልጊዜ ጉልበቱ ነው የሚሳሳው። ማሽን ሥር መንበርከክ አለ ይላታል።

«በሰላም ግባ» ብላ በር ድረስ ሸኘችው።

ከሰዓት በኋላ ደወለ። «ደርሻለሁ። የዚህ አገር ዝናብ ግን ለጉድ ነው!»

«አይዞህ» አለችው፣ በሚያፈሰው ጣሪያ ሥር ባልዲ እየደቀነች። ካርዱ እንደጎደለው እንኳ አላነሣም።

ረቡዕ ጠዋት ሻንጣዋን ይዛ፣ የሱቋን ቁልፍ ለጎረቤቷ ለፀጉር ሠሪዋ ሰጠች።

«አንቺ! አብደሻል? ሲመለስ ምን ይልሻል?»

«ያለውን ይበል። ወንበሩም ቪላውም ከሁሉ ውዱን ነው የምይዘው። ባዶ ካርዱን ታቅፎ ይቅር!»

«እሰይ! የእጁን ነው» አለች ፀጉር ሠሪዋ፤ ነገሩ ጣማት።

ጠረጴዛው ላይ ደብዳቤ ትታለታለች። «ነጥብህን ጨርሼዋለሁ። ልጆቹን በአውቶቡስ ውሰዳቸው። ሁለት ቀን ብቻ ነው የሚፈጀው። እኔን አትጠብቀኝ።»

ትኬት ቢሮው ውስጥ ወረፋ አልነበረም። ወጣቷ ትኬት ቆራጭ ካርዱንና ወረቀቱን በፈገግታ ተቀበለቻት።

«ወዴት ነው፣ እትዬ?»

«ባሕር ያለበት፣ ሩቅ። አልጋ የሚሆነውን ወንበር፣ ውሃው ላይ ያለውን ቪላ። ያለውን ሁሉ ጨርሺልኝ የኔ እናት፤ አንዲት ነጥብ እንዳትተርፍ!»

ልጅቷ ቁጥሩን መታች። ኮምፒውተሩን አየች፤ ካርዱን አገላብጣ እንደገና መታች። የጋብቻውን ወረቀት አነበበች። ፈገግታዋ ጠፋ፤ ድምፅዋንም ዝቅ አደረገች።

«እትዬ፣ በእኛ መዝገብ ባለቤትዎ የበረሩት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ከዐሥራ አራት ዓመት በፊት፣ ከእርስዎ ጋር።»